“ከእርሷ አትግዙ” ለምትሉና ሰምታችሁ ዝም ለምትሉ

በአየርላንድ የምትኖሩ፣ የዚህችን አገር ፓስፖርት የያዛችሁ ወገኖቼ ሆይ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ሰው አልተገደለባትም፤ ቤት አልተቃጠለባትም። ሆኖም ይቅር ልላት አልቻልኩም። ታሪኳን ባነበብኩ ቁጥር ቁጣዬ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ከቁጣው በኋላ ደግሞ ኀዘን ይመጣል፤ ከኀዘኑም በኋላ እናንተ ትዝ ትሉኛላችሁ።

መንደሯ ፌዘርድ-ኦን-ሲ ትባላለች። በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ በዌክስፎርድ አውራጃ፣ ሁክ በሚባለው ወደ ባሕር በሾለ ምድር ላይ ትገኛለች። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1957 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላውም የአየርላንድ ገጠር ገና ከድህነት አልወጣም። በ1946 የተጀመረው የገጠር መብራት ዝርጋታ መንደር በመንደር እየተጓዘ ነው፤ ያልደረሳቸው አሁንም በኩራዝ ያመሻሉ። ወጣቱ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጎርፋል። በዚያ አሥርት ዓመት አራት መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ አገሩን ጥሎ ወጥቷል፤ ከሦስት ሚሊዮን በማይበልጥ ሕዝብ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስደተኛ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የቀረው ገበሬ እህሉን በደቦ ይወቃል፤ የመውቂያው መኪና ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲዞር ጎረቤቱም አብሮት ይዞራል። ሻዩ፣ ስኳሩ፣ ላምባው ከመንደሩ ሱቅ በዱቤ ይወሰዳል፤ እህል ወይም ጥጃ ሲሸጥ ይከፈላል። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ። በአገሪቱ ውስጥ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነበር።

ሾን ክሎኒ የካቶሊክ ገበሬ ነው። ሺላ ደግሞ እዚያው አካባቢ ያደገች የፕሮቴስታንት ልጅ ናት። በ1949 ተጋቡ። በዚያ ዘመን ካቶሊክ ካልሆነ ሰው ጋር የሚጋባ ካቶሊክ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ትዳሩ እንዲጸናለት ከፈለገ፣ ሁለቱም ልጆቻቸውን ሁሉ በካቶሊክ እምነት ለማሳደግ ቃል መግባት ነበረባቸው። ሺላም ፈረመች። ዓመታት አለፉና ትልቋ ልጃቸው ለትምህርት ደረሰች። ካህኑ ወደ ቤት መጥተው ልጅቱ የምትገባው የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንደሆነ ለእናቷ ነገሯት። ነገሯት እንጂ አልጠየቋትም። በኤፕሪል መጨረሻ 1957 ሺላ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ጠፋች። መጀመሪያ ቤልፋስት ገባች፤ ቀጥሎም ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የኦርክኒ ደሴቶች ተጠለለች። በጠበቃ በኩል ለባሏ የላከችው ቃል ከባድ ነበር፦ እርሻህን ሽጥ፤ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ እንሂድ፤ ልጆቻችንም በፕሮቴስታንት እምነት ይደጉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ ቤት ኀዘን ነው። ባልና ሚስት ይጋጫሉ፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ይታረቃሉ ወይም ይለያያሉ። መንደሩ ግን የሰዎቹን ትዳር የራሱ ጦርነት አደረገው። ለሺላ የመጥፊያ ገንዘብ የሰጧት የመንደሩ ፕሮቴስታንቶች ናቸው የሚል ወሬ ተነሣ። ማስረጃ አልቀረበም፤ እነርሱም እጃችን የለበትም አሉ። ነገር ግን በሜይ አጋማሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ልጆቹ እስኪመለሱ ድረስ ካቶሊኮች ከፕሮቴስታንት ጋር እንዳይገበያዩ ተነገረ። ሰኞ ጠዋት ተፈጸመ።

ያን ሰኞ ጠዋት አስቡት። ባለሱቁ እንደ ወትሮው በሩን ከፍቶ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት በዱቤ ዱቄት የወሰደችው ሴት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ልጇ ወደ ከረሜላው ሲንጠራራ እጁን ጎትታ ታልፋለች። ባለሱቁ ምንም አላደረገም፤ ሺላን ከመንደሩ ሲያስወጣ ያየው የለም። ጥፋቱ ሺላ በምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን መሳለሙ ብቻ ነው። ሙዚቃ በማስተማር የምትተዳደር ሴት ተማሪዎቿን አጣች። የፕሮቴስታንቶቹን ልጆች ታስተምር የነበረች ካቶሊክ መምህርት ሥራዋን ተወች። የቤተ ክርስቲያናቸው ጠባቂ ካቶሊክ ስለነበር እርሱም ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ የተለዩት ሾን ራሱ ግን፣ ተበዳዩ እርሱ ነው የተባለለት ሰው፣ ይህ አድማ በስሜ አይደረግ ብሎ ተቃወመ። ጎረቤቶቹ አልሰሙትም። የቆሙለት ሰው ተዉ እያላቸው አልተዉም!

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አልነበሩም። ያቺ አንገቷን ደፍታ ያለፈችው ሴት ምሽት ላይ ልጆቿን ሰብስባ መቁጠሪያ እየቆጠረች ስለ ድሆችና ስለ ሙታን የምትጸልይ ሴት ናት። ጎረቤቷን አልጠላችም። የፈራችው ሰው እንዳያያት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሌላው ያየኛል ብሎ ፈራ፤ ሌላውም እርሱን ፈራ፤ በዚህ ፍርሃት ብቻ አንድ ሰሞን ሙሉ የሰው ደጃፍ ተዘለለ።

ከላይ ያሉትም አላፈሩም። በጁን 30 የጎልዌይ ጳጳስ ማይክል ብራውን በዌክስፎርድ ከተማ ሲሰብኩ የካቶሊክ ልጆችን ለመጥለፍ የተቀናጀ ዘመቻ ያለ መሆኑን ተናገሩ፤ አድማውንም ሰላማዊና ልከኛ ተቃውሞ አሉት። ልከኛ! ሆኖም በጁላይ 4 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤመን ደ ቫሌራ፣ ራሳቸው ጽኑ ካቶሊክ ሲሆኑ፣ በምክር ቤት ቆመው አድማው ያልታሰበበትና ከንቱ መሆኑን፣ ንጹሐንን ከጥፋተኛ ጋር መደባለቅም ግፍና ጭካኔ መሆኑን ተናገሩ። እኚህን ሰው በብዙ ነገር አልወዳቸውም፤ ለዚያ ንግግር ግን አከብራቸዋለሁ።

የአየርላንድ ገበሬ ይህን የማግለል ብልሃት የተማረው ከሌላ ቦታ ነበር። በ1880 በማዮ አውራጃ ጭሰኞች ካፒቴን ቦይኮት የተባለውን የመሬት ጌታ ወኪል ያገለሉት እርሱ ከቤታቸው ሊያስወጣቸው ሥልጣን ስለነበረው ነው። ጉልበት የሌለው በጉልበተኛው ላይ የተጠቀመበት መሣሪያ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ መሣሪያ አንሥተው ሙዚቃ በምታስተምር ሴት ላይ ተጠቀሙበት።

አድማው እንዴት እንዳበቃ ደግሞ ስሙ። በመጸው ወራት ከካህናቱ አንዱ ወደ አንድ የፕሮቴስታንት ሱቅ ገብተው ሲጋራ ገዙ። በቃ። ሰዉ ተከተለ። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ የሚጠብቀው ፈቃድ ነበር! የሺላ ልጆች ገና አልተመለሱም፤ የተፈለገው ነገር አልተገኘም፤ ግን ተፈቀደ፤ ስለዚህ ገቡ። በራሱ ሕሊና ያን ደጃፍ ለመርገጥ የካህን ሲጋራ ያስፈለገው ሕዝብ ያሳዝነኛል። በኋላ ሾን ሚስቱን ፍለጋ እስከ ኦርክኒ ሄደ፤ ታረቁና ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ልጆቻቸውን ወደ ካቶሊኩም ወደ ፕሮቴስታንቱም ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤት አስተማሯቸው። በ1998 የአገረ ስብከቱ ጳጳስ ብሬንዳን ኮሚስኪ ስለተፈጸመው ነገር ይቅርታ ጠየቁ። አርባ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

የዚያ መንደር ልማድ በሲጋራው አላበቃም ባይ ነኝ። በ1980ዎቹ ወደዚያው የተመደበ አንድ ካህን ልጆችን ሲደፍር የኖረ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ መንደሯ ያለችበትን የፌርንስ አገረ ስብከት መርምሮ በ2005 የወጣው የፌርንስ ሪፖርት በሃያ አንድ ካህናት ላይ የቀረቡ ከመቶ በላይ ክሶችን ዘርዝሯል። ዝም ማለትን በሱቅ ደጃፍ የተለማመደ ሰው ልጅ ሲጮህ ድምፁን ከየት ያመጣዋል?

ለምን ለእናንተ እነግራችኋለሁ? ለዚህ አገር ታማኝ እንሆናለን ብለን ቃል ስንገባ ታሪኩንም ከነበደሉ ተቀብለናልና። ደግሞም ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እሳት መከልከልን፣ ከእድር መሰረዝን፣ ቀብር አለመውጣትን እናውቃለን። በ2023 መጨረሻ በጎልዌይ አውራጃ ጥገኝነት ጠያቂዎች ሊገቡበት የነበረ ሆቴል በእሳት ሲጋይ ዘረኝነት ነው ብለን ጮኸናል፤ መጮኻችንም ልክ ነበር። በዚያው አፋችን፣ በዚያው ስልካችን “ከእርሷ እንጀራ አትግዙ፣ ባሏ ከእነዚያ ወገን ነው” የሚል መልእክት እንቀባበላለን። ሴትዮዋ ሌሊት ተነሥታ የምትጋግረው ለልጆቿ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ባሏ ምን ብሎ ጻፈ? ምንም። የአጎቱ ልጅ ጻፈ፤ እርሱም ሌላ አገር ነው የሚኖረው። እናንተም፣ እኔም፣ መልእክቱን አንብበን ስልኩን ኪሳችን ከተትን። መቃወም ጠብ መፈለግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንተፋፈራለን፤ ይበርድ ብለን ተውነው። የፌዘርድ ሰዎችም በየልባቸው ያሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ እገሥጻችኋለሁ። የአንድን ቤት ጠብ የሕዝብ ጠብ አታድርጉ። ለአገር የምትቆረቆሩ ከሆነ ሥልጣን ያለውን ተናገሩ፤ ጋጋሪዋን ተዉአት። የሃይማኖት አባት፣ የማኅበር ሊቀ መንበር ወይም ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ቀድሞ እስኪገባ ድረስ ከደጃፏ ርቃችሁ አትቁሙ። እናንተ የሃይማኖት አባቶችም ሰዉ እናንተን እንደሚያይ ታውቃላችሁና ከሁሉ በፊት ሄዳችሁ ግዙ።

ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከዚህ በፊትም ተጽፏል፤ ተነብቦም ተረስቷል። መልእክቱ እንደገና ይመጣል፤ በሌላ ሴት ስም፣ በሌላ ሰበብ። የዚያን ቀን ከመቶው ሰው መካከል አንድ ሰው “እኔ ቅዳሜ ከእርሷ እገዛለሁ” ብሎ ስሙን ጽፎ ቢመልስ ለጊዜው ይበቃኛል። ሁለተኛ ሰው ቢገኝ ደግሞ እርሱን ተከትለው ሌሎች ይገቡ ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ።