አዋሽ ባሕር አያይም
ስለ ወንዞች በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ «ወንዝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ባሕር ይገባል» የምትለዋ ነገር ትታረም፣ የኛው አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳያይ ነው የሚቀረው፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ አለቀ። ከላይ በአስተያየትህ «አዋሽ ባሕር የማይደርሰው ቆቃ ግድብ ስለያዘው ነው» ያልከው ወንድሜ፣ አይደለም ባክህ፣ ቆቃ የተመረቀው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ ገና በ1934 እ.ኤ.አ. ወንዙን ተከትሎ ወርዶ መጨረሻው አቤ መሆኑን አይቷል። አፋር ክልል አሳይታ ሠርቻለሁ፣ እዛ አዋሽ ድፍርስ ብሎ ቀስ እያለ ነው የሚያልፈው፣ አዞም አለው (ሙቀቱን እንኳን ተዉት)፣ ከጥጡና ከበቆሎው የተረፈው ውሃ አቤ ሲደርስ ፀሐይ ትመጠዋለች፣ መውጫ ስለሌለው ጨዉ ብቻ እየተጠራቀመ ሐይቁ ጨዋማ ሆኗል። በጅቡቲ በኩል ዳር ዳሩን ጭስ ማውጫ የሚመስሉ የኖራ ድንጋይ ቋጥኞች ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ ከ10 ፎቅ ሕንፃ ይበልጣሉ፣ ከስራቸው ፍል ውሃ ይንተከተካል። ደሞ የጽሑፉ ጸሐፊ ኦካቫንጎ ወንዝንም ረስቶታል፣ እሱም ከአንጎላ ተነስቶ ቦትስዋና ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ተበትኖ ነው የሚቀረው።