ለክቡር የሰሌዳ ቁጥር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከተሸከመዎት መኪና ስለ መብለጥዎ

ክቡር ሆይ፣ በልማድ ታርጋ እያልን የምንጠራዎት እርስዎ፣ በብሎን የታሰሩ ቁራጭ ቆርቆሮ ሆነው ሳለ የደረሱበት ማዕረግ እኛን የፒያሳና የአራት ኪሎ እግረኞችን እጅግ ስለሚያስደንቀን ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደናል።

ኃይልዎ ጎልቶ የሚታየው ከእኛ ርቆ፣ በምሥራቁ ድንበር ነው። በበርበራ ወደብ የወረደ አሮጌ ቪትዝ፣ መሪው በቀኝ ቢሆንም፣ ሰው ሁሉ ቀኙን ይዞ በሚነዳበት የሶማሌላንድ መንገድ ላይ ያለ ሐሳብ ሲሽከረከር ይውላል። እስከ ድንበሩ ጫፍ ድረስ መኪና ነው። ቀረጥ ሳይከፍል ወደ ቶጎ ውጫሌ የተሻገረ እንደሆነ ግን፣ ሞተሩ ሳይቀየር፣ ጎማውም ሳይተነፍስ ኮንትሮባንድ ይሆናል። ወደ መሀል አገር ልግባ ቢል ኬላው አስቀድሞ የሚጠይቀው ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ ሳይሆን እርስዎ የት እንዳሉ ነው። በአንጻሩ እዚህ እኛ ዘንድ በሩ በሽቦ የተጠፈረ ላዳ እርስዎን በግንባሩ ለጥፎ በኩራት ያልፋል።

ዕድልዎም የቀና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የገባ ሁሉ፣ ዝገቱ ሳይቀር፣ ንብረት ሆኗል። ደላላውም ቢሆን የመኪናውን ዕድሜ ሲጠየቅ ስለ ፋብሪካው ትንፍሽ ሳይል የእርስዎን ፊደል ይጠራል፤ መኪናው የተሠራው የገዢው ልጅ ሳይወለድ ቢሆንም፣ «ታርጋው አዲስ ነው» ከተባለ አዲስ ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ባልከፋን ነበር። ቅር የሚያሰኘን እንደሚከተለው ነው። አንድ አሽከርካሪ መኪናውን በእግረኛ መንገዳችን ላይ ገትሮ ማኪያቶ ሊጠጣ ይገባል። የትራፊክ ፖሊሱ ይመጣል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያም ብሎንዎን ፈትቶ እርስዎን በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። መኪናው ግን እዚያው ነው። ያጠፋው ጎማ ሳይንቀሳቀስ፣ ምንም ያላደረጉት እርስዎ ተይዘው ይወሰዳሉ፤ ባለቤቱም ቅጣቱን ከፍሎ እርስዎን እስኪያስፈታ ድረስ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም፣ ያለ እርስዎ መንዳት ክልክል ነውና (ሕግ አክባሪነት ማለት ይህ ነው)። እኛም አሮጊቶቻችንን ደግፈን፣ ሕፃናቱን አዝለን፣ ወደ አስፋልቱ ወርደን ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋን እናልፋለን።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምንለምንዎት፣ ከእንግዲህ ሲወሰዱ መኪናውንም ይዘውት እንዲሄዱ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለሊብሬ፤ ጊዜው ካላለፈበት ለቦሎ