ለ«ስፒክ ኢንግሊሽ» ባዮች ምስጋና ሲያንስ ነው

አሜሪካ ውስጥ ያለ ደመወዝ፣ ወንበርና ሰሌዳ ሳይጠይቅ፣ ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ቆሞ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በስልክ አማርኛ ስታወሩ ከኋላችሁ ሆኖ ይሰማና ጉሮሮውን ጠርጎ «ዚስ ኢዝ አሜሪካ! ስፒክ ኢንግሊሽ!» ይላል። በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ። መጽሐፍ የለ፣ የቤት ሥራ የለ፣ ክፍያ የለ። እንዲህ ያለ በጎ አድራጊ እስካሁን ሐውልት ሳይቆምለት መቅረቱ እኔን በበኩሌ ያንገበግበኛል።

የማስተማሪያ ዘዴውስ ቢሆን! ተማሪው ካልገባው ቃል አይቀይርም፣ ቀስ አይልም፣ በእጁ አያሳይም። ያንኑ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። አሁንም ካልገባው ይበልጥ ይጮኻል። ምላስ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ? እሱ ደግሞ በአንዲት ምላስ አገር ይቆላል። እንግሊዝኛ በሦስተኛው ጩኸት በጆሮ ሰርጎ እንደሚገባ የተገለጠለት ለእሱ ብቻ ነው። እኛ ሞኞቹ ግን የማታ ክፍል ፍለጋ እንንከራተታለን።

የማታውን ክፍል እኔም ቀምሼዋለሁ። ተመዝግቤ ወረፋው የደረሰኝ በሰባተኛው ወር ነው። ስገባ በግራዬ ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ሲሠራ የዋለ የጎጃም ልጅ እንቅልፍ ይዞታል፤ በቀኜ ከሆቴል ጽዳት በቀጥታ የመጣች የኤል ሳልቫዶር ሴት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። መምህርቷ ደግ ሰው ናት። «ዚስ» በትክክል እንዲወጣልን «ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሃል አድርጉት» አለችን። ምላስ ማውጣት በኩርኩም በሚያስቀጣበት ቤት ያደገ የአርባ ዓመት ሰው፣ በሰው ፊት ምላሱን አውጥቶ ቁጭ! ቀጥላ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ብላ አራት ፊደል ሰሌዳው ላይ ደረደረች። አንዱ ቃል ላይ «አፍ» ተብለው ይነበባሉ፣ ሌላው ላይ «ኦፍ»፣ ሌላው ላይ «ኡ»፣ ሌላው ላይ «ኦ»። የጎጃሙ ልጅ ነቅቶ ኖሯል፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ታዲያ ምን ይባሉ ብለው ነው የጻፏቸው?» አለኝ። ሀ ሁ ቆጥሮ ላደገ ሰው ምን ብዬ ልመልስለት? ያን ሁሉ መከራ የወረፋው መምህራችን በሁለት ቃል ይገላግለን ነበር።

የታሪክ ዕውቀቱም ቢሆን እጅ ያስነሳል። እሱ እንደሚለው ይህች አገር ከእንግሊዝኛ ጋር ተቆራኝታ ነው የተወለደችው። በፌዴራል ደረጃ እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ተብሎ የተሾመው ግን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2025፣ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ነው። ምስኪን፣ 250 ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ ያለ ሹመት ሲያገለግል ኖረ! ስፔኖች ፍሎሪዳ ላይ ሴንት ኦገስቲንን የቆረቆሩት በ1565 ነው፤ እንግሊዞቹ ጄምስታውን የደረሱት በ1607። «እዚህ ስፓኒሽ አይነገርም» ብሎ የሚቆጣው ሰው ሲቆጣ የቆመባት የፍሎሪዳ ስም ራሱ ስፓኒሽ ነው። ስምንተኛው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በደች ነበር። ሱፐርማርኬት ባልነበረበት ዘመን መፈጠራቸው በጃቸው።

የቀድሞዎቹ «ስፒክ ኢንግሊሽ» ባዮች እንዲያውም ከዛሬዎቹ ይብሱ ነበር። በ1920 ነብራስካ ውስጥ ሮበርት ሜየር የተባለ አስተማሪ የአሥር ዓመት ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተይዞ 25 ዶላር ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ቅጣቱን ባይሽርለት ኖሮ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የእሁድ ፊደል ቆጠራ ዛሬ በነፍስ ወከፍ ስንት ያስከፍለን ነበር?

ቁጣው ደግሞ ሰው ይመርጣል። የሰውየው ልጅ ቻይንኛ ሲማር በብዙ ዶላር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ቁጠርላቸው» ይባልና ይጨበጨብለታል። የእኛ ልጅ ሁለት ቋንቋ ይዞ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ግን «ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ፎርም ይቀርባል፤ አማርኛ ብለን ከጻፍን ልጁ ለእንግሊዝኛ ፈተና ይጠራል። እኛም «እንግሊዝኛ ብቻ» ብለን እንሞላና፣ ፎርሙን አስረክበን ልጁን በአማርኛ እየተቆጣን እንወጣለን። እኔም ሞልቻለሁ፤ አልዋሽም።

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሱቅ ወረፋ ላይ ከፊቴ የሰፈራችን እናት ቆመዋል። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጋሪያቸው ላይ አንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት ጭነው፣ ስልካቸውን በስፒከር ከፍተው ከእህታቸው ጋር የዶሮ ዋጋ ይጨዋወታሉ። አሜሪካዊት ናቸው። ዕድሜው 50 የሞላና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ስለሆነ፣ ሴናተሮቹ 100 መሆናቸውን በአማርኛ መልሰው ነው ዜግነታቸውን የወሰዱት። ከኋላችን ያ በጎ አድራጊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስፒክ ኢንግሊሽ!»

«ምን አለ?» አሉኝ ዞር ብለው።

«እንግሊዝኛ ይነገር ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ማን? እህቴ?» ደነገጡ። «እሷ እኮ ደብረ ብርሃን ናት ልጄ፤ ከየት ታመጣዋለች?»

ሰውየው በዘዴው መሠረት ጮክ ብሎ ደገመው። እናታችን አንጀታቸው ተላወሰ። «ቆይ እስቲ እህቴ፣ አንድ ሰውዬ ካንቺ ጋር እንግሊዝኛ ላውራ ብሎ ተቸግሯል» አሉና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጉለት።

«ሃሎ?» አለ ስልኩ። «ሃሎ! ሃሎ!»

ሰውየው ወደ ማስቲካው መደርደሪያ ዞሮ ዋጋ ማንበብ ጀመረ።

«እትዬ፣ ዝም አለ እኮ» አለች እህትየው ከደብረ ብርሃን። «እንግሊዝኛ አይችልም መሰለኝ።»