ለክቡር ባለኮምፓሱ ቢላዋ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከእጀታዎ መለየትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። «ባሉበት» ያልኩት ለወጉ አይደለም። አሁን ያሉት ሁለት ቦታ ነው። ስለትዎ ሐዋሳ፣ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። እጀታዎ ላንጋኖ ዳር ቀርቷል። ኮምፓሱ አብሮት ስላለ መንገዱን አያጣም ብዬ ብዙም አልፈለግኩትም።

የተዋወቅንበትን ቀን መቼም አይረሱትም። መንገድ ዳር፣ ከቻርጀርና ከፀሐይ መነጽር ጋር ሸራ ላይ ተዘርግተው ነበር። ጥቁር፣ ረጅም፣ ባለ ግርማ። ጀርባዎ ላይ መጋዝ። እጀታዎ ጫፍ ላይ ኮምፓስ። ክዳኑ ሲፈታ ደግሞ ክብሪት፣ መርፌ፣ ክርና መንጠቆ። ሻጩ «ብሮ፣ ይሄን ይዘህ ጫካ ብትጣል ዓመት ትኖራለህ» አለኝ። እኔ የምሄደው ለሁለት ሌሊት ነበር። ቢሆንም ዓመት መኖርን ማን ይጠላል?

ጎንዎ ላይ «ስቴንለስ» ተብሎ ተጽፏል። ምን ዓይነት ስቴንለስ እንደሆኑ ግን የለም። ይሄ መታወቂያ ላይ በስም ቦታ «ሰው» ብሎ እንደመጻፍ ነው። በዘሩ የማያፍር ቢላዋ «1095 ነኝ»፣ «5160 ነኝ» ብሎ የብረቱን ቁጥር ይናገራል። «1095 ነኝ» ካለዎት ካርቦኑ 0.95 በመቶ ገደማ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለት ይይዛል፣ ዝገትም ይወዳል። እርስዎ ዝም አሉ። እኔም አልጠየቅኩም።

ዋናው ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። ክብሪቱን አይቼ ደስ ሲለኝ፣ ክብሪቱ ስለተቀመጠበት ቦታ አላሰብኩም። ያ ቦታ ብረት ሊኖርበት የሚገባ ቦታ ነበር። ለከባድ ሥራ የሚሆን ቢላዋ ብረቱ ከጫፉ ተነስቶ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ ሆኖ ይዘልቃል። እንጨቱ ወይ ፕላስቲኩ ከግራና ከቀኝ የሚለጠፈው እጅ እንዲመቸው ነው። የእርስዎ ብረት ግን እጀታው ደጃፍ ላይ ሲደርስ «እኔ እዚህ ይብቃኝ» ብሎ ቆሟል።

ከጉዞው በፊት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስጄ ልሞክርዎ ብዬ ነበር። መንጠቆዎን ያየ አንድ አሳ አጥማጅ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ መርፌው ነው መንጠቆው?» አለኝ። አጠገቡ ያለው ደግሞ ሞረድ በልቶት እንደ ጣት የቀጠነ ቢላዋ ይዞ ቆሮሶ ይገፍፋል። አንዱን አሳ ገፎ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ሲጨርስ፣ እኔ ገና የሰገባዎን ቁልፍ እየፈታሁ ነበር። ወፎቹ፣ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ የከበቡት እሱን ነው።

ላንጋኖ መንገድ ላይ ፍተሻ ገጠመን። ፈታሹ ከሻንጣዬ አወጣዎ። ልቤ ድው አለ። ስለትዎን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አገላብጦ አየ፣ ኮምፓሱንም ጠጋ ብሎ ተመለከተ። ከዚያ «ይሄስ ችግር የለውም» ብሎ መለሰልኝ። በእርስዎ ፈንታ እኔ አፈርኩ።

ኮምፓሱን ካነሳንማ፣ ማግኔት መርፌ ከብረት ጋር አንድ ላይ ታስሮ ሰሜንን እንዴት ይለይ? ባዞርኩዎት ቁጥር ሰሜኑም አብሮ ይዞራል። ለእርስዎ ሰሜን ማለት እርስዎ ያሉበት ነው። ደግሞስ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ምዕራብ አይጠፋኝም።

ማታ ብርዱ ገባ። ከመንገድ ዳር የገዛነው እንጨት ግራር ነው፤ ግራር ደግሞ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ መጋዝዎን ሞከርኩ። የአናጢ መጋዝ ጥርሱ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። የሚቆርጠው መስመር ከብረቱ ሰፋ ስለሚል አይቀረቀርም። የእርስዎ ጥርሶች ግን ለፎቶ እንደቆሙ ሁሉ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ሁለት ሴንቲ ሳይገቡ እንጨቱ ያዘዎት። ነከሰ ከተባለ የነከሰው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ፍለጣው ሄድን። ስለቱን እንጨቱ አናት ላይ ማስቀመጥ፣ ጀርባውን በሌላ እንጨት መምታት። መጥረቢያ የሌለው ሰው ዘዴ ነው። አንድ መታሁ። ሁለት። በሦስተኛው «ቀጭ» አለ። እንጨቱ መስሎኝ ተደሰትኩ።

ከዚህ በኋላ «አንተ» ብልህ ቅር እንዳይልህ። አንቱታው ከእጀታው ጋር አብሮ ሄዷል።

እጀታህ እጄ ላይ ቀረ፤ በንዴት ወረወርኩት። ስለትህ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆሟል። እግሬ ላይ ቢዘልስ ኖሮ? በባትሪ አየሁህ። ያ ሁሉ ግርማ በአንዲት አጭር ብሎንና በአንዲት ዳዶ ተይዞ ነው የኖረው! ምቱ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው እዚያች ቀጭን አንገትህ ላይ ነው።

እሳቱን ማን እንዳነደደው ልንገርህ። ጓደኛዬ ከሻንጣው አንድ አስቀያሚ ነገር አወጣ። አባቱ ቀጥቃጭ ዘንድ ያሠሩት ነው፣ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ። ስለቱ ከስንዝር አያልፍም። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብረቱ በእጀታው መሃል አልፎ ከኋላ ይታያል፤ ሁለት የወይራ እንጨቶች ከጎንና ከጎን በሦስት ችንካር ተይዘውበታል። መጋዝ የለ፣ ኮምፓስ የለ፣ ቀለም እንኳ የለ። ጀርባውን ደበደብነው። የአይሱዙ ሙሉ ጭነት ጉድጓድ በጉድጓድ መንገድ ላይ ተሸክሞ ለኖረ ብረት የእኔ ዱላ ምኑ ነው? እስሩን በሙሉ ፈልጦ ጨረሰ፣ ከዚያ ሥጋውን ቆረጠልን።

ላዳላ አልፈልግም፤ እሱም እንከን አለው። ቲማቲም ስጡት፣ ይጨፈልቀዋል። ያ ውፍረት ለሰላጣ አይሆንም። ይዝጋልም። ጓደኛዬ ሥራው ሲያልቅ ጠርጎ የምግብ ዘይት ይቀባዋል፣ እንደታጠበ ሕፃን። «እርጥቡን ካስተኛኸው ጠዋት ቀይ ሆኖ ይነሳል» አለኝ። አንተ ግን አልዛግክም፤ ይሄን አልክድም። ለመዛግ እንኳ ዕድሜ አላገኘህም።

በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ከካምፕ ሥራ ተነስተህ፣ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ሻማ በመፋቅ እንድታገለግል የተመደብክ መሆኑን እገልጻለሁ። እኔ ባሌስትራ አፈላልጌ ወደ ቀጥቃጩ እሄዳለሁ። ጋሼ «መጋዝም ላውጣለት?» ብለው እንዳይጠይቁኝ ብቻ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሸራው ባለቤት
ለኮምፓሱ፣ ላንጋኖ (ሰሜንን አግኝቶ ከሆነ)