ውዳሴ ዘፓኬጅ

የሰውን ልክ ማወቅ ከባድ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ጠባዩን መመልከት፣ ሲጣላ የሚናገረውን መስማት፣ ለተበደረው ገንዘብ ያለውን ትዝታ መፈተሽ፤ ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያም በኋላ ተሳስቶ መገኘት አለ። ሕንዶች ይህን ጣጣ በአንድ ጥያቄ ተገላግለውታል፦ «ፓኬጅህ ስንት ነው?» መልሱ በላክ ይሰጣል። አንድ ላክ መቶ ሺህ ሩፒ ነው፤ ሒሳቡ ከሥራ የሚገኝ የዓመት ክፍያ ነው። 12 ላክ ያለ ወጣት 12 ላክ የሚያህል ሰው ነው። 24 ላክ ያለው የእሱ እጥፍ ነው፤ ቁመቱም፣ ጨዋነቱም፣ አስተዳደጉም ጭምር። ክርክር የለም፤ ይግባኝ የለም።

ጥያቄውን የመጠየቅ ሥልጣን የአንክሎች ነው። አንክል የሥጋ ዘመድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአባት የሥራ ባልደረባ፣ የታችኛው ፎቅ ጡረተኛ፣ ሠርግ ላይ ሳህን ይዞ ከኋላህ የተሰለፈው ሰውዬ፣ ሁሉም አንክል ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። አንቲዎችም አሉ። እነሱ ጥያቄውን የሚያቀርቡት ለልጁ ሳይሆን ለእናቱ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ሰዓት እላፊ የለውም፤ እንግዳንም አያገልም። እኔ ራሴ ለትምህርት እዚያ በከረምኩበት ጊዜ ባቡር ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ሻይ ሻጩ ሳይደርስ አገሬን፣ የአባቴን ሥራ፣ ትዳሬንና ወርሃዊ ድጎማዬን እናዘዝ ነበር። ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ፊታቸው የበራ አንድ አንክል ዘመዳቸው በንጉሡ ጊዜ እኛ ዘንድ ሒሳብ ማስተማሩን ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ስንቶቻችን በሕንድ መምህር ጠመኔ ቀለም እንደቆጠርን ላወራቸው ስል ቀደሙኝ፦ «ያኔ እዚያ ስንት ይከፍሉት ነበር?»

የሚዛኑ ጥበብ ያለው ግን ቁጥሩ ውስጥ ነው። ፓኬጅ ደሞዝ አይደለም። ሲቲሲ ይሉታል፤ ኩባንያው ለአንድ ሠራተኛ በዓመት አወጣለሁ ያለው ሁሉ ተደማምሮ የሚመጣ ድምር ነው። መሠረታዊ ደሞዙ አለበት። የቤት ኪራይ አበል አለበት። አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ ለሚሉት የጡረታ ቁጠባ የሚያዋጣው አለበት። የጤና መድን ክፍያ አለበት። ዓመቱ ክፉ ነበር ከተባለ ብን ብሎ የሚጠፋ ጉርሻ አለበት። ግራቹዊቲ የሚሉት የስንብት ክፍያም አለበት፤ ይሄኛው በተለመደው ሕግ ቋሚ ሠራተኛ አምስት ዓመት ካልቆየ አይሰጠውም። ልጁ በሁለተኛው ዓመት እንደሚለቅ ኩባንያው ያውቃል፣ ልጁ ያውቃል፣ አንክልም ያውቃሉ። ቢሆንም ይደመራል። አንዳንድ ቤት በአራት ዓመት ተሸንሽኖ የሚደርስ አክሲዮንም እንደ አንድ ዓመት ገቢ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ተደምሮ፣ ግብሩና መዋጮው ተነሥቶ በወሩ መጨረሻ ባንክ የሚገባው ቅሪት ኢን ሃንድ ይባላል። እሱን ሰው ፊት የሚጠራ ወጣት ሱሪውን ሳይታጠቅ አደባባይ እንደወጣ ነው የሚታየው። የተከበረ ሰው የሚጠራው ያልደረሰውን ነው።

ጋዜጦችም በዚህ ውዳሴ ድርሻቸውን ይወጣሉ። ስመ ጥሮቹ የቴክኖሎጂ ተቋማት፣ አይአይቲዎቹ፣ 23 ናቸው። በየዓመቱ ዲሴምበር 1 ቀን የቅጥር ወቅታቸው ሲከፈት አንድ ተማሪ ክሮር ተሻገረ የሚል ርዕስ አይታጣም። ክሮር መቶ ላክ፣ ዐሥር ሚሊዮን ሩፒ ነው። በማግስቱ በመላው ሕንድ ቁርስ ላይ አባት ጋዜጣውን አጥፎ ከልጁ ሳህን አጠገብ ያኖረዋል፤ አንዲት ቃል አይናገርም። በትላልቆቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች የአብዛኛው አዲስ ተመራቂ መነሻ ከዐሥር ዓመት በላይ ከ3 ላክ ተኩል አካባቢ ብዙም ፈቀቅ አለማለቱን የሚጽፍ ጋዜጣም አለ። እሱን ማንም አጥፎ አያኖርም።

ወላጅ ሁሉ ልጁን የሚያነጻጽርበትን የሻርማ ጂን ልጅ («ጂ» የአክብሮት ቃል ነው) ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በየሰፈሩ አለ፤ በዓይኑ ያየው ግን የለም። ምንጊዜም ካንተ በሁለት ላክ ይበልጣል። ያንተ ሲጨምር የእሱም ይጨምራል። እናቱን በየቀኑ ይደውልላታል፤ ጸጉሩም አልሳሳም። ይህ ምስኪን ራሱ ማታ እራት ላይ ከየትኛው ሻርማ ልጅ ጋር እንደሚነጻጸር ሳስብ አዝንለታለሁ።

ሚዛኑ እንዲህ የጠራ ስለሆነ ወጣቱ ሥራ የሚቀይርበት ምክንያትም ጠርቶለታል። አለቃው ክፉ ነው፣ ሥራው ያሰለቻል፣ ሌላ ነገር መማር አማረኝ ማለት ቀርቷል፤ «ስንት ጨመሩልህ?» ለሚለው ሠላሳ በመቶ የሚል መልስ ካለ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው። ትላልቆቹ ኩባንያዎች የለቀቀ ሠራተኛ 90 ቀን እንዲቆይ ያስገድዳሉ። ቀጣሪው ደግሞ ነገ ጠዋት የሚገባ ሰው ይፈልጋል። በዚህ መሀል ልጁ ሥራ አይፈታም፦ የመጀመሪያውን የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ሁለተኛው ዘንድ ይሄዳል፣ የሁለተኛውን ይዞ ሦስተኛው ዘንድ። ሊጀምር በተቀጠረበት ሰኞ ሦስት ቢሮ ወንበር አዘጋጅቶ ሲጠብቀው እሱ አራተኛው ጋ ገብቶ ላፕቶፕ ይረከባል። ኩባንያዎቹ «ዘንድሮ ታማኝነት ጠፋ» እያሉ ያለቅሳሉ። ለነባሩ ጥቂት መቶኛ፣ በር ላይ ለቆመው እንግዳ ሠላሳ የሚጨምሩት እነሱው መሆናቸውን የሚያነሳባቸው የለም፤ ልቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

ቁጥሩን በሌላ ዘዴ ለማሳደግም ተሞክሯል። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሶፍትዌር ኩባንያው ዊፕሮ ለተፎካካሪዎቼ ደርበው ሲሠሩ አገኘኋቸው ያላቸውን 300 ሠራተኞች አሰናበተ። ሊቀመንበሩ ሪሻድ ፕሬምጂ ደርቦ መሥራት ማጭበርበር መሆኑን ሳይለሳልሱ ተናገሩ። አገር ስለ ሥነ ምግባር ሲከራከር አንድም አንክል ከዋናው ነጥብ አልወጣም፦ «ለመሆኑ የሁለቱ ድምር ስንት ይመጣ ነበር?»

ሚዛኑ ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው ግን ጋብቻ ላይ ነው። ድሮ አማላጅ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያጣራውን አሁን የጋብቻ ድረ ገጽ ያጣራዋል፤ ከሃይማኖት፣ ከጎሣና ከቁመት ጎን የዓመት ገቢ የሚሞላበት ቦታ አለ። ከዚህ በታች አታሳዩኝ ማለትም ይቻላል። ፍቅር ዕውር ነው የሚባለው እንግዲህ ከተጣራ በኋላ ላለው ነው። ጥሎሽን በተመለከተ አገሪቱ በ1961 በሕግ ከልክላዋለች፤ እዚያ ሰጪው የሙሽራዋ ወገን ነው። ስለዚህ የተማረ ቤተሰብ ጥሎሽ አይጠይቅም፤ እግዜር ያሳያችሁ። የልጃቸውን ፓኬጅ ይናገሩና ዝም ይላሉ። ሻይ ይቀርባል። የቀረውን የልጅቱ አባት ሌሊት በራሳቸው ሒሳብ ይደርሱበታል።

ለሴቶቹ ሚዛኑ ትንሽ ረቀቅ ይላል። ቁጥሯ ቤተሰብ የሚያኮራ መሆን አለበት፤ ከሙሽራው ግን እንዳይበልጥ። ቢበልጥ «ትንሽ ቀንሰን እንናገር» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ለወንዱ የሚጨመረውን ያህል ለእሷ እየተነሣላት ሒሳቡ መሀል ላይ ይገናኛል። የሶፍትዌር ኩባንያዎቹ ከተማ ቤንጋሉሩ የተሻለ ሥራ አገኘሁ ብትል ደግሞ ስለ ፓኬጅ የሚጠይቃት አይኖርም። ማታ በስንት ሰዓት ቤት እንደምትገባ ነው የምትጠየቀው። የቤንጋሉሩን መንገድ ለሚያውቅ፣ በመኪና ጭንቅንቅ ስሙ በወጣው ሲልክ ቦርድ መገናኛ ላይ ቆሞ ለመሸበት፣ መልሱ በእሷ እጅ ያለ አይደለም።

ልምምዱ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ራጃስታን ውስጥ ያለችው ኮታ በሙሉ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና የምታዘጋጅ ከተማ ናት፤ ታዳጊዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በጠባብ ክፍል ያጠናሉ። በ2023 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው የሚያጠፉት ሲበዙ የከተማዋ አስተዳደር በየማረፊያው የጣሪያ ማራገቢያ ላይ ስፕሪንግ እንዲገጠም አዘዘ። ይህን ማሞገስ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር። የተስተካከለው ማራገቢያው ነው።

ወደ ሊቃውንቱ እንለፍ። በ2023 የሶፍትዌር ኩባንያው የኢንፎሲስ መሥራች ናራያና ሙርቲ ወጣቶች በሳምንት 70 ሰዓት እንዲሠሩ መከሩ። በ2025 መጀመሪያ የግንባታና የምህንድስና ኩባንያው የኤል ኤንድ ቲ ሊቀመንበር ሱብራህማንያን 90 አደረሱት፤ እሑድን ጨምረው፤ ቤት ተቀምጠህ ሚስትህን እስከ መቼ ታያለህ አሉ። የሚደነቅ አርቆ አሳቢነት ነው፤ ሚስት የተገኘችው በፓኬጁ፣ ፓኬጁ የተገኘው በሰዓቱ ስለሆነ፣ እሷን ማየት ከጀመርክ ምክንያቷ ይጠፋል። ሁለቱም ስለ ሰዓት ሲናገሩ ስለ 3 ላክ ተኩሉ አላነሡም፤ አንድ ሊቅ ሁሉን አይችልም።

አንክሎች ስሕተት የላቸውም፤ ብያኔያቸው ግን ይታደሳል። ትምህርት በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረው ባይጁስ በ2022 ዋጋው 22 ቢሊዮን ዶላር ሲገመት እዚያ የተቀጠረ ልጅ በሠርግ ፊት ወንበር ይሰጠው ነበር። ኩባንያው በ2024 የዕዳ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እነዚያው አንክሎች «እኔ ያኔውኑ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግባ ብዬው ነበር» አሉ። መንግሥት መሥሪያ ቤት መግባቱ ታዲያ ቀላል ነው፤ ለከፍተኛው ሲቪል ሰርቪስ ፈተና በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይመዘገባል፤ አንድ ሺህ ያህል ይወስዳሉ። አለዚያ አሜሪካ አለች። ኩባንያዎች የውጭ ባለሙያ የሚቀጥሩበት አዲስ ኤች ዋን ቢ ቪዛ በዓመት 85,000 ብቻ ሲሆን በዕጣ ነው፤ ከሚጸድቀው ውስጥ 70 በመቶ ግድም የሕንዶች ነው። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በአዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ጣሉ። ዕጣ ያልወጣለት ልጅ አሁን «ለምን አልሄድክም?» ሲባል ቢያንስ በዶላር የተተመነ ምክንያት አለው።

ለዚህ ሁሉ ብርታት የሚሰጡት አንክል እነማን እንደሆኑ ማወቅ የሚሻ ካለ፣ እኔ የማውቃቸው አንዱ የባቡር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው። በሃያዎቹ ዕድሜ አንድ ቢሮ ገቡ፣ በስድሳ ከዚያው ወጡ። ሥራ ቀይረው አያውቁም፤ የቅጥር ደብዳቤ አወዳድረው አያውቁም። የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኛ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2004 በፊት ከገባ የመጨረሻ ደሞዙን ግማሽ ዕድሜ ልኩን ጡረታ ያገኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የገቡት በመዋጮ ወደሚሠራ ሥርዓት ተዛወሩ። አንክል በደህናው በኩል ናቸው። ለዚህም ነው ስለ ድፍረት ያለ ስስት የሚመክሩት። የጎረቤታቸው ልጅ አንድ ቀን የሠላሳ ላክ ሥራውን ትቶ መንደር ትምህርት ቤት ሊያስተምር መሆኑን ሲነግራቸው መጀመሪያ ጤንነቱን ጠየቁት፣ ቀጥሎ ኩባንያው አባርሮት እንደሆነ በዝግታ አጣሩ። ልጁም ጨዋ ነውና፣ ፈገግ ብሎ፣ «የእርስዎስ ፓኬጅ ስንት ነበር አንክል ጂ?» አላቸው።

«በእኛ ጊዜ» አሉት መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ታላቅን ደሞዝ መጠየቅ ነውር ነበር።» ከዚያም ታናሽ ወንድሙ ስንት ላክ ላይ እንደደረሰ ጠየቁት።