ይድረስ ለጋቢናው ቀበቶ

ጉዳዩ፦ በሥራ ገበታ ላይ አለመገኘትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከማርቆስ ተነስተን በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ እየገሰገስን ነው።

እርስዎ እንደ ልማድዎ ከበሩ ጎን ተንጠልጥለው ይውላሉ። ኬላ ሲቃረብ ረዳቱ «ቀበቶ! ቀበቶ!» ይላል። ያኔ ቅዳሴ እንደሚገባ ሰው ነጠላ ደረታችን ላይ ጣል እናደርግዎታለን። ዘለበትዎ ግን አይገባም። የሱፍ ልጣጭ ጉሮሮውን ዘግቶታል። ስለዚህ ጫፍዎን ከሥራችን ሸጎጥ አድርገን እንቀመጥበታለን። ትራፊኩ በመስኮት አየት ያደርገንና ያሳልፈናል።

ኒልስ ቦሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. ለመኪና ሠሪው ቮልቮ ባለ ሦስት ነጥብ፣ ማለትም ሦስት ቦታ ላይ የሚያያዙ አድርጎ ሠራዎት። ኩባንያውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች በነፃ እንዲጠቀሙብዎ ፈቀደ። ሰው ይዳንበት ተብሎ በነፃ የተሰጠ ነገር፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የትራፊክ ማታለያ ሆነ።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። ባለመኪናው በበረኪና ፈትጎ ክርዎን አሳሳው። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃ ነበር። ደግሞ ሳይደርቁ ወደ ጎሬዎ ሰደደዎት፤ ሻገቱ። ድንገት ሲመነጭቁዎት ቀጥ ማለት ሲገባዎት ልፍስፍስ ብለው ይመጣሉ። ተመልሰው የሚጠቀለሉት ተለምነው ነው። መኪናው ተጋጭቶ ሲጠገን «ቀበቶውም ይቀየር» ቢባል፣ «ምን ሆነና? አልተበጠሰም እኮ!» አለ። ለመጋረጃና ለስፒከር ግን ብር አልሰሰተም።

ጎረቤትዎ መሪውስ ቢሆን? ሹፌራችን መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቅ ሻይ ጠጣ፣ ሱፍ ፈለፈለ፣ ስልክ ደወለ። መሪው እንደማይመቸው ትዝ ያለው ደጀንን አልፈን፣ ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣ ኩርባው ላይ ነው። በአንድ እጁ ከመሪው ሥር ያለችውን ማንሻ ፈታት። መሪው ጭኑ ላይ ዘፍ አለ።

«ኧረ ተው አንት ልጅ!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

«አይዞዎት እማማ፣ ላመቻቸው ነው።»

ቆሞ ማስተካከል፣ ማንሻዋን መልሶ መቆለፍ፣ መሪውን ገፋ ሳብ አድርጎ መያዙን ማየት። ከዚያ መንቀሳቀስ። ሥራው ይኸው ነበር፤ ሻዩን ያህል እንኳ ጊዜ አይወስድም።

ምላሽዎን በሚቀጥለው ኬላ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጋቢና ተሳፋሪዎች

ግልባጭ፦
ለትራፊክ ፖሊሱ (በመስኮት በኩል)
ለሱፍ ልጣጩ (ዘለበት ውስጥ)