ጸበል ወይስ ፎርማት

ማታ ላፕቶፔ አፕዴት ላድርግ ወይ ሲለኝ እንቅልፌ መጥቶ ስለነበር እሺ ብዬው ተኛሁ፣ ጠዋት ሲነሳ ዱዳ ሆኖ ተነሳ። 3 ሰዓት ላይ የዙም ስብሰባ አለኝ፣ አለቃዬ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ እኔ ምንም ሳልሰማ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምን ላይ እየነቀነቅኩ እንደነበር የገባኝ ማታ ነው።

መቼም ኮምፒውተሬ ተበላሸ ካልሽ ሰፈሩ በሙሉ ኢንጂነር ነው። የአክስቴ ልጅ ደውላ "ሪስታርት አድርጊው"፣ ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ "አቧራ ገብቶበት ነው" ብለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ውስጥ እፍ አሉበት፣ ምራቅም ነበረው። እኔም ዲቫይስ ማናጀር ገብቼ የሳውንዱን ድራይቨር አጥፍቼ መልሼ ጫንኩት፣ ቮልዩሙ 100 ላይ ነው፣ ቴስት ስለው ስክሪኑ ላይ የድምፁን መጠን የምታሳየው መስመር ትዘላለች ድምፅ ግን ወፍ የለም። መስመሯ ከዘለለች ድምፁ አንድ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ግን በዛ ንዴት ማን ያስባል።

ተሸክሜው ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ገና ሲከፍተው ጮኸ! ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚለቅ የጥርስ ህመም በሉት። "ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው" አለኝ (እነሱ ጋ ማውስ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂም ፎርማት ነው)። እምቢ ብዬ ቤት ይዤው ገባሁ፣ ድጋሚ ዝም።

"ውጭ ሲጫወት ውሎ ቤት ሲገባ ዝም፣ ቁርጥ አባትሽን" አለች እማዬ። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ግን አልሳቀችም፣ እንደሷ ችግሩ ከላፕቶፑ ሳይሆን ከቤቱ ነው፣ ጸበል ይረጭ አለች። እውነት ለመናገር ከፎርማቱ የሷ ምርመራ ይሻል ነበር።

ማታ እማዬ ሽንኩርት እያቁላላች "ይሄ ስፒከር ግን ምን ነክቶት ነው ቲንግ ቲንግ ሲል የዋለው?" አትለኝም! ለካ አፕዴቱ ብሉቱዙን ከፍቶት፣ ለልደት ጊዜ አገናኝቼው የረሳሁት የኪችን ስፒከር ላይ ሄዶ ተለጥፏል፣ ብሉቱዝ ደግሞ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ የኛ ቤት ከጫፍ ጫፍ እሱን አይሞላም፣ ጥገና ቤቱ ጋ ግን ስለማይደርስ ነው እዛ የጮኸው። አውትፑት የሚለው ውስጥ ገብቼ የላፕቶፑን ስፒከር መረጥኩ፣ በቃ አለቀ፣ 2 ክሊክ።

"ጠዋትም ሬዲዮ መስሎኝ ስሰማ ነበር" አለች እማዬ ማማሰያውን እያራገፈች፣ "አንዲት ምስኪን ቅዳሜም እሁድም ሥራ ግቢ ስትባል ትንፍሽ እንኳን አላለችም፣ አንጀቴን በላችው።"